መብራት የሄደበት ጸጉር ቤት

ሀና ማርያም ሰፈር አንድ ጸጉር ቤት ጸጉሬን ልስተካከል ገብቼ የሆነውን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፤ እኔም በጆሮ ማዳመጫ ሌላ ዜና እሰማለሁ። ግማሽ ጸጉሬ እንደተቆረጠ መብራት ድርግም አለ። ስልኬም ባትሪ ጨረሰ።

ይህን መልክ ይዞ የት ይወጣል? ተጎልቼ ቀረሁ። መጀመሪያ አቁነጠነጠኝ። ቆይቶ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ወር ሙሉ ስልኬ ላይ ስፈልገው የከረምኩት ለአራስ ልጄ የሚሆን ስም ድንገት ብቅ አለልኝ፤ ማህደር!

ወዲያው ከጎረቤት ጁስ ቤት የማሽን ድምፅ ሰማሁ።

«መብራት መጣ መሰለኝ» አልኩት አስተካካዩን።

አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳለ፣ «መቼ ሄደና ጋሼ! ቆጣሪውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ነበር። ልመልሰው?» አለኝ።

ያልተቆረጠውን ጸጉሬን ዳበስ አድርጌ፣ «ትንሽ ቆይ» አልኩት።