ያልተሳልኩት ስለት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በእንቅልፍ ያሳለፍኩትን ጸሎት ስዘረዝር ይችን አንዷን እዘላታለሁ። «ሌላስ የለም ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላቸዋለሁ። አለ። ዛሬ መልኬን ለማታውቁት ለእናንተ ልናገር ነው።

እኔ በእመቤታችን ስም ዋሽቻለሁ። ያልተሳልኩትን ስለት ተስያለሁ ብያለሁ።

የመርሳ ልጅ ነኝ፣ በወልድያና በደሴ መካከል። ሥራ አዲስ አበባ ወሰደኝና እዚያው ቀረሁ። እናቴ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ባለው ቤታችን ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እናቴ ጥሩወርቅ እንደ እኩዮቿ አይደለችም፣ ማንበብ ትችላለች። በልጅነቷ ቄስ አጎቷ ፊደል አስቆጥረዋት፣ ንጋት ላይ ከደጃፉ ደፍ ላይ ተቀምጣ የጸሎት መጽሐፏን ከጨርቁ ፈትታ ታነባለች። ጎረቤቱ ቀኑ መንጋቱን የሚያውቀው በእሷ ድምፅ ነበር። በኋላ የዓይን ግፊት ያዛት። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘና፣ ጠብታው ከተቋረጠ የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብሎ አስጠነቀቀን። መድኃኒቱ እዚያ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ እየገዛሁ በሾፌር እልክላት ነበር። እኔ ነበርኩ ዓይኗ። ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ተጠጋ ሲባል ተነጋገርን። ቅዳሜ ወርጄ ጠብታዋን ላደርስላት፣ እሷንም ይዣት ልመጣ። ከሌላ ሰው ጋር አልወጣም ብላ ነበር፤ እይታዋ እየጠበበ ስለሄደ በሰው እጅ መንገድ ላይ መደናበሩን ፈራች። «አንቺ ከመጣሽ እሄዳለሁ» አለች። ቃል ገባሁላት።

በዚያው ቅዳሜ ደግሞ የመሥሪያ ቤቴ ሴቶች ሚኒባስ ተከራይተው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን የጥንት አድባራት፣ የነገሥታቱን ቤተ መንግሥትና የመኳንንቱን ቤቶች ሊጎበኙ ተሰናዱ። በየዓመቱ ይሄዳሉ፣ ሰኞ ፎቶ እያሳዩ ይሳሳቃሉ። እኔን ጠርተውኝ አያውቁም። ነጠላዬን፣ ዝምታዬን፣ የወሎ ቅላጼዬን አይተው «ባላገሯ» ይሉኛል፤ ለጨዋታ ነው ይላሉ። በዚያን ጊዜ ግን ከጎኔ የምትቀመጠው «አንቺ ሴት፣ ከቢሮና ከቅዳሴ ሌላ አታውቂም? ነይ እንጂ!» አለችኝ። ደስ አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ፈርቼ ቢሆን ኖሮስ? መንገዱ አስፈርቶኝ፣ ተኩሱ አስፈርቶኝ ቀርቼ ቢሆን፣ ምናልባት ራሴን ይቅር እል ነበር። አልፈራሁም። መጋበዜን ነው የወደድኩት።

ሐሙስ ዕለት እናቴ በጎረቤታችን በዘምዘም ስልክ ደወለች። የወልድያ ሰው ጓዙን ተሸክሞ በአስፋልቱ ወደ ደሴ እያለፈ መሆኑን ነገረችኝ። መምጣቴን ልታረጋግጥ ነው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ አልችልም» አልኳት። «እንጦጦ ማርያም ስለት አለብኝ። በፍልሰታ የመጀመሪያ ቅዳሜ ላደርስ ተስዬ ነበር። በሳምንቱ እመጣለሁ።»

ለምን ስለት አልኩ? ሥራ አለብኝ ብል ፈቃድ ጠይቂ ትለኛለች። አሞኛል ብል ትጨነቃለች። በእኛ ዘንድ ግን ስለት አለብኝ ያለን ሰው ማንም ተው አይለውም፤ ዕዳው ወደ አስቀሪው ይዞራልና። ይህን አውቄ ነው የመረጥኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደግሞ ቀለለኝ። ምነው በከበደኝ!

እናቴ «ስለትማ ስለት ነው። አድርሺና ነይ፤ እኔ የት እሄዳለሁ» አለች።

ዘምዘም ስልኩን ተቀብላ ቀለደችብኝ። «አንቺ፣ የመርሳዋን ማርያም ንቀሽ እንጦጦ? ከተማ ስትገቡ ስለታችሁም ዳገት ይወጣል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ነዝር ከሆነ ግን ይድረስ። አላህም ዘንድ ከባድ ነው። ለእትዬ ጥሩ እኔ አለሁላቸው» አለችኝ። እስላሟ ጎረቤቴ የእኔን ስለት ከእኔ አብልጣ አከበረችው።

ቅዳሜ ሄድን። ዝናብ ነበር። መጀመሪያ ከጥንት መኳንንት የአንዱን ቤት አየን፤ የእንጨት ሰገነቱ ሲረግጡት ይንቋቋል። ከዚያ ጉሙን ሰንጥቀን እንጦጦ ወጣን። ቤተ መንግሥት ሲባል እኔ ወርቅ ጠብቄ ነበር። ጭቃና እንጨት ነው፤ በነጭ ኖራ ተለስኖ፣ የጣሪያው ማገር በጠፍር ታስሮ። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «ይሄማ የእናንተ አገር ቤት አይደል እንዴ!» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በእናቴ ቤት ሳቅሁ።

በንጉሡ እልፍኝ መስኮት ሥር ለፎቶ ቆመን ሳለ ስልኬ በእጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። የዘምዘም ቁጥር ነው። ጥሪውን ዘጋሁት። ደግሞ ጮኸ። ያኔ ስልኩን አጠፋሁት። ፎቶው ዛሬም አለ፤ ነጠላዬን አሳምሬ ለብሼ ፈገግ ብያለሁ፣ ስልኩን የያዘው እጄ ከነጠላው ሥር ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ዝናቡ ስለበረታ በሩን ከሩቅ ተሳልሜ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥኩ። ዲያቆኑ ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን እያሳየን «ይህ ሁሉ የስለት ነው። ያልደረሰ ስለት እዚህ አይገባም» አለ። ያኔ እንኳ ወጥቼ መልሼ አልደወልኩም። ማታ ስደውል መስመሩ ጠፍቶ ነበር።

መናኸሪያ ስሄድ ከደሴ ወዲያ የሚያልፍ መኪና የለም አሉኝ። መርሳ ተያዘች። መስቀል አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ጠብታው ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች በአንዱ ወረድኩ። እናቴ እንደ ጥንቱ ከደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። የጸሎት መጽሐፏ ከነጨርቁ ጭኗ ላይ ነው፤ አልተፈታም። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ማነው?» አለች።

የዚያን ቀን ዘምዘም ሁሉንም ነገረችኝ። ያን ቅዳሜ አማቿ በአይሱዙ ወደ ደሴ ሊወጣ ለእናቴ ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዘላት። እናቴ ልጄን ልጠይቅ ብላ ሁለት ጊዜ አስደወለች። «አላነሳሽም። እትዬ ጥሩ፣ ‹ተዪያት፣ ቤተ መቅደስ ገብታ ነው፤ በስለት ላይ ናት። እኔ እጠብቃታለሁ› አሉኝ።» አይሱዙው ሄደ። ዘምዘም ልጆቿን ጭና እሷ ቀረች። ለምን አልሄድሽም ብላት፣ «ብቻቸውን ትቻቸው?» አለች። ተኩስ ሲበረታ በእጇ እየመራች ግራና ወደሚባለው ገጠር የወሰደቻት፣ ያላትን ቆሎ ያካፈለቻት እሷ ናት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም። እኔ ነኝ ያቀረቀርኩት።

እናቴ ግን ደስተኛ ነበረች። «ስለትሽ ነው ያተረፈን» አለች ፊቴን እየዳበሰች። «ዓይን ምንድን ነው? ነፍሳችን ተርፋለች።»

ያን ጊዜ ልናገር ይገባኝ ነበር። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅምና ዝም አልኩ።

አዲስ አበባ አመጣኋት። እንጦጦ ማርያምን ካልተሳለምኩ ብላ አስቸገረች፤ ባለ ዘርፍ የከፋይ ጃንጥላ አስገዛችኝና አቅፋው ዳገቱን ወጣች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስንገባ ክንዴን ይዛ «ስለትሽን ስታደርሺ የቆምሽበት የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። እኔ በዚያ ቀን ውስጡን አልረገጥኩም! እጇን ወስጄ በሴቶች በኩል ካለው ዓምድ ላይ አኖርኩት። «እዚህ ነው» አልኳት። ዓምዱን ሳመችው፣ ግንባሯን አስደግፋ ብዙ ቆየች። ጃንጥላውን ለካህኑ ስትሰጥ «በልጄ ስም ነው፤ ስለቷ ሰምሮላታል» አለች።

በንግሥ ዕለት ያ ጃንጥላ ከሌሎቹ ጋር ይዘረጋል። ሕዝቡ እልል ሲል እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የእኛ ወጣ?» ትላለች። «ወጣ፣ እማዬ» እላታለሁ። ስሜ እዚያ ከእውነተኞቹ ስለቶች ጋር በፀሐይ ላይ ይዞራል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ጦርነቱን እኔ አላመጣሁትም ብዬም አላመልጥም። ጦርነቱ መንገድ ዘጋ፤ መንገዱ ክፍት ሳለ ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን በየንጋቱ የጸሎት መጽሐፏን የማነብላት እኔ ነኝ። ይህንም ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣለች። የብዕሩን ድምፅ ሰምታ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። የሆነ ነገር ነው አልኳት።

«ስትጨርሺ አንብቢልኝ» አለች።

ጨረስኩ።