ጋሽ ዘውዴ ከቅዳሜ አደን አልተመለሱም

ወይኔ ጋሽ ዘውዴ! ማመን አቃተኝ። ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሹፌራችን ከድር ደወለ። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድኩ ነበር። «ጋሽ ሸምሱ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ በል ሲለኝ ገባኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ዘውዴ ፒያሳ ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። (ነበሩ ማለት አልቻልኩም።) ሰፈሩ ፈርሶ ቤታቸው ከተማ ዳር ከሄደ በኋላም ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ ቁልቁል በእግራቸው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደው፣ የቧንቧ ዕቃ ሱቄ ብቅ ይላሉ። ተቀምጬ ካገኙኝ አለቀልኝ። «ተነስ አንተ፣ ወንበሩ ሳይለምድህ» ይሉኛል፣ ደንበኛ ፊትም ቢሆን። ከሰባ ካለፉ ቆይተዋል፣ እኔ ደግሞ ብዙ አንሳቸዋለሁ፣ ግን ሰነፉ እኔ ነኝ። ይገርማችኋል፣ እነሳለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ አጎንብሰው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውላሉ። ቅዳሜ ሲመጣ፣ ጾም ካልሆነ በቀር፣ ፈቃዳችንንና ጠመንጃችንን ይዘን በከድር መኪና ወደ ሞጆ ቆላ እንወርዳለን። ቆቅና ጅግራ ነው የምናድነው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወፏ ተመትታ ስትወድቅ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ ማረድ አለ። ካልደረሱባት በክት ናት፣ እሳቸውም አይበሏትም እኔም አልበላትም። እሳቸው ከባረኳት ለኔ አትሆንም፣ እኔ ቢስሚላህ ካልኩባት ለሳቸው አትሆንም። ስለዚህ ተራ ነበረን። በሳቸው ተራ እኔ እተኩሳለሁ፣ እሳቸው ቢላዋ ይዘው ይሮጣሉ። በኔ ተራ እሳቸው ይተኩሳሉ፣ እኔ እሮጣለሁ። እንዲህ እያልን አንዳችን ለሌላው ድስት ስንተኩስ ኖርን።

ጉልበት በነበረን ጊዜ ማን ይቀድመን ነበር። እየቆየ ግን ወፎቹ ይቀድሙን ጀመር። እያለከለክን ስንደርስ ሞተው እናገኛቸዋለን። ጋሽ ዘውዴ ተስፋ አልቆረጡም፣ ዘዴ አበጁ። ሩቅ አይተኮስም፣ ዳገት ላይ አይተኮስም፣ ሯጩ አስቀድሞ በጎን በኩል ጠጋ ብሎ ይጠብቃል። ዓይናችን ደህና ነው፣ የከዳን ጉልበታችን ነው፣ እና ጠጋ ጠጋ እንበል አሉ። በዚች ብልሃት ብዙ ቅዳሜ ወጥተናል።

ሐሙስ ዕለት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ደረቴን ሽቦ በሽቦ አድርገው መረመሩኝና፣ የልብህ ምት ተዛብቷል፣ ሌላ ምርመራ እስኪደረግ መሮጥ የለም አሉኝ። መራመዱን ግን እንዳትተው ተባልኩ። ልጆቼ የሰሙት መሮጥ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ጠመንጃውን አስረክብ፣ ቤት ዋል፣ ሱቁንም ለኛ ተወው ይሉኝ ጀመር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤን አዳምጣለሁ። ሳል ሲመጣብኝ እንኳን ቀጥ እላለሁ።

ለጋሽ ዘውዴ ደውዬ ቅዳሜ አልመጣም አልኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም።

«እኔ የማልፈራ መስሎህ ነው? ከድር ሞተር ባስነሳ ቁጥር እፈራለሁ። ፈርቼ ነው የምወጣው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ አንተ አርፈህ ተኛ፣ ድርሻህን ይዤልህ እመጣለሁ ብለው ዘጉት።

ተራው የኔ ነበር።

ከድር እያለቀሰ የነገረኝ ይሄን ነው። አንዲት ጅግራ መቱ። የተመታችው ክንፏን ነው፣ ነፍስ አላት። ቢላዋው ወገባቸው ላይ ነበር፣ ግን እሳቸው ካረዷት ለኔ እንደማትሆን ያውቃሉ። አላረዷትም። በሁለት እጃቸው አቅፈው ወደ መኪናው ሮጡ። «ከድር፣ ቶሎ በል፣ የሸምሱ ናት፣ ቢስሚላህ በልባት» እያሉ። ከድር ሊቀበላቸው ሲሮጥ መጀመሪያ ተንበረከኩ፣ ከዚያ በጎናቸው ወደቁ። ወፏን ረስቶ እሳቸውን አቀፈ። እዚያው እጁ ላይ አለፉ። ወፏም ሞተች።

ሰው ሁሉ የሚወዱትን ሲሠሩ ሞቱ፣ ከዚህ በላይ ምን አለ ይለኛል። ይሁን፣ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አላጽናናኝም። ከድር ከደወለ ጀምሮ ሱቁ መሃል ደረቴን ይዤ ቆሜያለሁ። ብወጣ እዚያ ሜዳ ላይ እንዳልደፋ እፈራለሁ። ብቀር ደግሞ እዚሁ የታክሲ ወረፋ እያየሁ ጥቂት በጥቂት እንዳላልቅ እፈራለሁ። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ወፏን ሳስብ ደግሞ እንባዬ ይቀድመኛል።

ጋሽዬ፣ ነገ እሸኝዎታለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ከድርን ና ብዬዋለሁ። ልጆቼ ይሄን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ፣ ይቆጡ። ጠመንጃ አንይዝም። መኪናው ከቆመበት ተነስቼ እስከ ወደቁበት ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ በእግሬም እመለሳለሁ። ካሁኑ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። መመለሴን አላህ ያውቃል፣ ግን እሄዳለሁ።

እርስዎ ይበቃዎታል። ጫማዎን ያውልቁ፣ ትንፋሽዎን ይሰብስቡ። ለኔ ብለው የሮጡት የመጨረሻው ይሁን ጋሽዬ፣ ከእንግዲህ ለማንም አይሩጡ። በሰላም ይግቡ።