ሙት የሚራገፍበት ደጅ

ሳቱር በሳን ሮሰንዶ ሰው ገድሎ የማያውቅ ብቸኛው ነፍሰ ገዳይ ነው። በየዓመቱ ኦገስት ሃያ አንድ ቀን፣ አገር ሥራ ፈትቶ፣ ከአሜሪካ ሲመለሱ ከአውሮፕላን እንደወረዱ የተገደሉትን ሴናተር ኒኖይን በሚያስብበት ዕለት፣ ከኋላ ተጠግቶ ማጅራታቸውን ይላቸዋል። በተረፈው ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ ጎን ላይ በገጠማት ጋሪ ሴቶችን ከነቅርጫታቸው ገበያ ያመላልሳል።

ሌላው ሰፈር በዓሉን ቢጫ ጥብጣብ አስሮ፣ አበባ አስቀምጦ ይውላል። የኛ ቀበሌ ሴናተሩን እንደገና ይገድላቸዋል። የጎመን ማመላለሻው መኪና አውሮፕላን ይሆናል፤ መዘምራኑ የሚቆሙበት ደረጃ መውረጃ ይሆናል፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳው የማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ነጭ በነጭ የለበሰው ሟች ደረጃውን ይወርዳል፣ ወታደሩ ከኋላው ይደግናል፣ ርችት ይፈነዳል፣ ሟቹ በግንባሩ ይደፋል። ሴቶች ያለቅሳሉ። ከዚያ ኑድሉ በየሳህኑ ይታደላል።

ሟች መሆን ክብር ነው፤ ስንት ባለጸጋ ተሻምቶበታል። የጥርስ ሐኪሙ በሞተበት ዓመት ጠግቦ ኖሮ ገና እንደተደፋ አንኮራፋ፤ አልቃሾቹ ግን ነገር አላበላሹም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሸፈኑለት። ችግሩ ወታደሩ ነበር። ማን የሴናተር ገዳይ ተብሎ ይኖራል? የቀበሌው ሊቀመንበር ካፒታን ሩፎ አሰበ አሰበና የእንጨቱን ሽጉጥ ለሳቱር ሰጠው። «አንተ ከሩቅ ደሴት የመጣህ መጤ ነህ፤ ስምህ ቢጠፋ የሚከፋው ዘመድ የለህም» አለው። ሳቱርም ሰው አደረጉኝ ብሎ ደስ አለው።

እዚህ ላይ ጣጣ መጣ። ከለቅሶ የወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ቤቱ አይገባም፤ ሙቱ ተከትሎት እንዳይገባ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ጎራ ብሎ ያራግፈዋል። አንዱ ሱቅ ይቆማል፣ ሌላው ጸጉር ቤት ይቀመጣል። በበዓሉ ቀን ግን ሕዝቡ በሙሉ ከሬሳ ፊት ስለሚነሳ የት ይራገፍ? አንድ ቀልደኛ «የገደለው ይረከበው!» አለ፤ በቃ ልማድ ሆነ። ድራማው ሲያልቅ ተሰልፈን ሳቱር ደጅ እንሄዳለን፣ እግራችንን እናራግፋለን፣ የሸሚዛችንን ጫፍ እናርገበግባለን፣ «ሳቱር፣ አደራ!» ብለን እየሳቅን እንመለሳለን። ሚስቱ ሉመንግ ከኋላችን በጨው ውሃ ትጠርጋለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሷም ትስቅ ነበር፤ እንዲያውም የተጠበሰ ሙዝ ትሸጥልን ነበር።

ከዚያ ልጃቸው ኤርዊን ተገደለ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከካፒታን ሩፎ የሩዝ ወፍጮ ጀርባ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከሞተር ሳይወርዱ ተኩሰውበት ሄዱ። ማን ላካቸው ብሎ የጠየቀ የለም። በሳን ሮሰንዶ ማን ከማን ጋር እንዳደረ ጎህ ሳይቀድ ይታወቃል፤ ይሄን ግን ሁሉም አላየሁም አለ። ለቅሶውም ላይ ወንበሩ ባዶ ዋለ። ሉመንግ ለተገደለ ሰው እንደሚደረገው ጫጩት የሬሳ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች፤ ጫጩቷ ስትጭር የገዳዩን ልብ ትጭራለች ይባላል። ጫረች፣ ጫረች፣ የሚያዝ ልብ አላገኘችም መሰል፣ አድጋ አውራ ዶሮ ሆና አረፈችው።

ውሃ ቧንቧው ጋ ግን ሴቶቹ መልሱን አገኙት። «ስንት ዓመት ሙት ስናራግፍባቸው ኖርን፤ አንዱ ልጃቸውን ይዞ ሄደ እንጂ ማን ገደለው?» ይሄ ወሬ ሉመንግ ጆሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አመነችው። በዚያው ዓመት ኦገስት ሲመጣ እኛም እንደልማዳችን ሄደን ደጇ ላይ እግራችንን አራገፍን። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ የእያንዳንዳችንን እግር ታይ ነበር።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ሳቱር ካፒታን ሩፎ ቤት ሄደ። ካፒታን የውጊያ ዶሮውን እያጠበ ነበር።

«ካፒታን፣ ዘንድሮ እኔ ልሙት።»

«አንተ? ሴናተሩ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ እኮ። አንተን ከኋላ ቢተኩሱብህ ጥይቱ የሚያርፍበት ሥጋ ይቸገራል።»

«ሆዴ ላይ ትራስ አደርጋለሁ።»

«መግደል ሰለቸህ?»

«ሉመንግ ናት፣ ካፒታን። አንድ ዓመት እንኳ ደጃችን ላይ እግሩን የሚያራግፍ ሰው ሳታይ ብትውል... ሌላ ሰው ይግደል። እዚያ ሄደው ያራግፉ። ሌላ ምንም አልለምንም።»

ካፒታን ዶሮውን በፎጣ ጠቀለለ። የቀበሌ ምርጫ ደርሶ ስለነበር ማንንም እምቢ የማይልበት ወቅት ነው። «እሺ ሙት፤ ለሕዝቤ ያልፈቀድኩት ምን አለ!»

«ወታደሩስ?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ሳቱር ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። ሉመንግ ነጩን ኮት ተቀብላ አጠበች፣ ኮሌታውን ሰፋች፣ ተኮሰች። ኤርዊን ከሞተ ወዲህ ካውያ ስትነካ የታየችው ያኔ ነው።

በዓሉ ደረሰ። ሳቱር ትራሱን ሆዱ ላይ አስሮ፣ እጁን እያውለበለበ ደረጃውን ወረደ። «ኧረ ሴናተሩ ከስተዋል! አሜሪካ ምን ነበር የሚያበሏቸው?» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። ርችቱ ፈነዳ። ሳቱር አሳምሮ ወደቀ፤ ቀይ ቀለም የሞላባት ከረጢት ኮሌታው ሥር ፈነዳች። እውነት ለመናገር ከጥርስ ሐኪሙ የተሻለ ነው የሞተው።

ጉንጩ በጋለው ሲሚንቶ ላይ እንዳለ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ከፊቱ የወታደሩ እግር ቆሟል። አንዱ ነጠላ ጫማ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። በሳን ሮሰንዶ እንደዚያ የሚጫማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሉመንግ ወንድም ቤንሁር። ጢም አብቅሎ ልቡ የሕፃን ሆኖ የቀረ፣ እዚያው ሳቱር ማድ ቤት የሚያድር ምስኪን ነው። ካፒታን በአይስክሬም አባብሎ ቆብ አድርጎለታል።

«ሕዝቤ ሆይ!» አለ ካፒታን በድምፅ ማጉያው። «ገዳዩ ቤንሁር ነው! ቤንሁር የሚያድረው የት ነው?»

«ሳቱር ቤት!»

ሳቁ የሜዳውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ቤንሁርም አብሮ ሳቀ፤ ሰው ሲስቅ እሱም ይስቃል። ካፒታን ሳቱር ጆሮ ሥር አጎነበሰ። «ሟች አይነሳም እሺ፣ ወዳጄ? አራግፈን እስክንመለስ አርፈህ ተኛ።»

ሰልፉ ተነቃነቀ። ሳቱር ጥቂት ተኛ። ከዚያ ተነሳ። ሞተሩን አስነስቶ በሩዝ ማሳው ዳር ቆርጦ ቀደመን።

ደጁ ስንደርስ እስከ ወገቡ ቀይ ሆኖ፣ ትራሱ ወደ ጎን ተንሸራቶ፣ በሩ ላይ ቆሟል። ሉመንግ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከኋላው አለች።

«እንዴ! ሙቱ ራሱ ቀጥ ብሎ ቤቱ ገባ!» ብሎ አንዱ ሳቀ።

«ቤቴ ነዋ» አለ ሳቱር። «እኔን ልታራግፉ ከሆነ የመጣችሁት፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ሌላ የያዛችሁት ሙት አለ?»

«በዓል አታበላሽ፣ ዞር በል» አለና ካፒታን እግሩን አነሳ።

«እዚህ አይራገፍም፣ ካፒታን። ካራገፍከኝ እከተልሃለሁ።»

ካፒታን ሳቀ፤ እግሩን ደህና አድርጎ አራገፈና ወደ ቤቱ አቀና። ሳቱር ሄደ ከኋላው። እጁን አንጠልጥሎ መከተል ብቻ። ካፒታን ዞር ብሎ አየውና ሳቀ። እንደገና አየው፤ አሁን አልሳቀም። የቤቱ በር ላይ ሲደርስ እግሩ እምቢ ብሎት አልፎ ሄደ።

ሱቅ ገባ፤ ሳቱር ደጁ ላይ ቆመ። ባለሱቋ «ካፒታን፣ በእመቤታችን፣ ውሰድልኝ» አለች። ጸጉር አስተካካዩ ገና ከሩቅ ሲያያቸው መዝጊያውን አወረደ። ዶሮ ማዋጊያው ጋ ደግሞ «ሙትህን ይዘህ እንዳትገባ! የኔ ዶሮ ዛሬ ይዋጋል!» ብለው ጮሁበት። እኛ ሳህናችንን እንደያዝን ከኋላ ከኋላ ነን። እንዲህ ያለ በዓል አይተን አናውቅም። ቅድም በሳቱር የሳቀው አፍ በሙሉ አሁን በካፒታን ይስቅ ነበር፤ ለኛ አፍ የሚሳቅበት ሰው እስከተገኘ ድረስ ማንም ይሁን ማን ግድ የለውም።

ካፒታን ደክሞት ዞሮ ወደ ቤቱ መጣ። ሚስቱ ቼደንግ የብረት በሩን ከውስጥ ቀርቅራለች።

«ክፈቺ!»

«ሳታራግፈው አትገባም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሳቱር ነው እኮ! ባለሞተሩ!»

«የተከተለህ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አለች ቼደንግ።

የበዓሉን ሙት ማለቷ ይሆናል። ሌላ ሙት ማለቷም ይሆናል። ብቻ ማኘኩን ያላቆመ ሰው አልነበረም። ካፒታን ሩፎ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ወረወረ። ሳቱርን ግንባሩ ላይ አገኘው። እውነተኛው ደም ከቀለሙ ይጠቁራል፤ ለዓመታት የተሳሳተ ቀለም ስንገዛ እንደኖርን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሳቱር አልጠረገውም። ካፒታን እየሮጠ ሄዶ ወፍጮ ቤቱን ከውስጥ ዘጋ። ሳቱርም ከወፍጮው ጀርባ፣ ልጁ የወደቀበት ቦታ ላይ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆሞ ቆየ። ከዚያ የትም ጎራ ሳይል ቤቱ ገባ።

ካፒታን ሩፎ ምርጫውን አሸነፈ፤ ማን ሊያሸንፍ ኖሯል? ድራማው ግን ቀረ። በዓሉን እንደ ሌላው ሰፈር በጥብጣብና በአበባ እንውላለን ብሎ ወሰነ፤ ሳቱር ደጅ ሄዶ እግሩን የሚያራግፍ ከእንግዲህ የለም።

የለመነው ሆነለት። ችግሩ፣ በሙት ጋሪ ገበያ የሚሄድ ማን አለ? ሞተሩን ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ያቆማል፤ ሴቶቹ አማትበው ከኋላው ያለው ላይ ይሳፈራሉ፣ ከዚያም ከኋላው ካለው ኋላ ያለው ላይ። እሱና ሉመንግ ሙዝ ጠብሰው ሊሸጡ ሞከሩ፤ ማንም አልቀመሰም። ቤንሁር ብቻ ይበላል። ሰው የዚያን ቤት አጥር ላለማለፍ በማሳው ይዞራል፤ እግሩ ጭቃ ይሆናል እንጂ አያልፍም።

ሉመንግ ደጇን ዛሬም ማለዳ ማለዳ ትጠርጋለች። ከአውራ ዶሮው ዱካ በቀር የምትጠርገው የላትም።