ያልታወቁት ሁለት ጉድጓዶች

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሴት ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። ገበያ ስትወጣ ከሚዛኑ ይልቅ የሻጩን ጣት ነው የምታየው። በር ቆልፋ ከሄደች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ካልነቀነቀች እግሯ አይራመድም። ቀኑን ሙሉ አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ጠርሙስ ስትደረድር ትውላለች፤ ክሎሪኑን ለክታ፣ ጀርም አለመኖሩን አጣርታ «ለመጠጥ ተስማሚ» በሚለው ቅጽ ላይ ትፈርማለች። ፍሎራይድ የሚለካው መሣሪያ ግን ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል። መለዋወጫ ይመጣል እየተባለ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ቀርቷል።

አንድ እሑድ ታናሽ እህቷ ቤት ሄዳ የእህቷ ልጅ የፊት ጥርሶች በልዘው አየች።

«አልቦርሽ ብላ ነው» አለች እናትየው።

መርማሪዋ ልጅቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አፏን አስከፈተቻት። ቡናማው መስመር የቆሻሻ አይመስልም። «ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?»

«ከየት ልቅዳ፣ ከሰፈሩ ቦኖ ነዋ! አንቺ ደግሞ ጥርስ አይተሽ ውሃ ትከሺያለሽ።»

ነገሩ ግን ለመርማሪዋ አልጥም አላት። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ከከተማው ሰባት ጉድጓዶች ውሃ ወስዳ ነበር። ጠርሙሶቹን የሞላችው፣ ቁጥር የጻፈችባቸውና መኪና ድረስ የተሸከመችው ራሷ መርማሪዋ ናት። ተመራማሪዋ «ውጤቱን እልክላችኋለሁ» ብላ ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ውሃ በላው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታ በኮምፒውተር ስትፈልግ ጥናቱን አገኘችው። ታትሟል። ከላይ ያለው አጭር መግለጫ ይነበባል፦ ከሰባቱ ጉድጓዶች በሁለቱ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ከተፈቀደው ልክ በላይ ተገኝቷል። የትኞቹ ሁለት? ወደ ታች ስትወርድ ገጹ ተቆልፏል። ማንበብ የፈለገ ይክፈል ይላል፤ የተጠየቀው ደግሞ የወር ደመወዟን ሲሶ ያህላል። በገዛ እጇ የቀዳችውን ውሃ ውጤት ከሩቅ አገር ያለ መጽሔት ቆልፎባታል።

ጥርጣሬዋ ወዲያው በመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ጉድጓድ የተቆፈረው በእሱ ጉትጎታ ነበር፤ ያውም ከቤቱ ጀርባ። ሪፖርቱ ደርሶት ደብቆት ቢሆንስ? አንኳኩታ ስትገባ ፈጠን ብሎ የጠረጴዛውን መሳቢያ ዘጋ።

«ጋሼ፣ ያቺ ተመራማሪ ውጤት ልካልዎት ነበር?»

«የቷ ተመራማሪ?» አለና መነጽሩን አወለቀ። «አይ፣ አልደረሰኝም። ለመሆኑ አንቺ የምትመረምሪው ውሃውን ነው እኛን?»

ሳቀ፤ ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር። መርማሪዋ መሳቢያውን አይታ ወጣች።

ለተመራማሪዋ ጻፈች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ የለም። ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ላንጠለጠለው ሠራተኛ ነገሯን አዋየችው።

«እኛም ለዚህ መጽሔት መክፈል አቅቶን ትተነዋል» አላት። «ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ረቂቅ ለጠየቃቸው መስጠት ይፈቀድላቸዋል። ቆይ፣ ሴትየዋ የት እንደምትሠራ ልይልሽ።»

ተመራማሪዋ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ኖሯል። በአዲሱ አድራሻ በጻፉላት በሦስተኛው ቀን አንድ ሊንክ መጣ፦ «ለማንም ክፍት ነው፤ ያለ ክፍያ።» መርማሪዋ ይህን ስታነብ ይባስ ተጠራጠረች። ትናንት ያን ያህል ብር የተጠየቀበት ነገር ዛሬ እንዴት በነጻ? ኮምፒውተሩን የሚያበላሽ ነገር ቢሆንስ? ሁለት ቀን ሳትነካው ቆየች። በመጨረሻ ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ዋና ስልክ ደውላ ተመራማሪዋን አገናኙኝ አለች።

«እኔው ነኝ የላክሁት» አለች ሴትየዋ። «ረቂቁን በዩኒቨርሲቲያችን ክፍት ማኅደር ላይ ጫንኩት። ያኔውኑ ማድረግ ነበረብኝ።»

«ውጤቱን ለኛስ ለምን አልላኩም?»

«እልካለሁ ብዬ ረሳሁት። ለእድገት የሚያስፈልገኝ መጽሔት ላይ መውጣቱ ነበር፤ ሲወጣ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ምክንያት የለኝም፣ እህቴ። ይቅርታ።»

መርማሪዋ ሊንኩን ከፈተች። ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች ራሷ ጠርሙሶቹ ላይ የጻፈቻቸው ናቸው። ጉድጓድ ሦስት ንጹሕ ነው። ከልክ ያለፉት አምስትና ስድስት ናቸው። አምስት የእህቷ ሰፈር ነው፤ ስድስት የራሷ። በሁለቱም ላይ በየወሩ «ለመጠጥ ተስማሚ» ብላ ፈርማለች።

አትማ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። ወረቀቱን አየና ያንን መሳቢያ ሳበው። ውስጡ የጥናቱ የመጀመሪያ ገጽ ነበር፤ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የትኞቹ?» የሚል ተጽፎበታል።

«ይህን ካገኘሁት ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። «ጠርሙሶቹን የሞላሽው አንቺ ነሽ። ታውቃለች፣ ስለፈረመች ፈርታ ደብቃለች ብዬ ጠረጠርኩሽ።»

«እኔ ደግሞ እርስዎን!»

«አውቄዋለሁ። ዓይንሽ ከመሳቢያው አልነቀል ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን አልጠየቁኝም?»

ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አወጣ። አብረውም የሁለቱ ጉድጓዶች ፓምፖች እንዲቆሙ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

በማግስቱ መርማሪዋ ሰንጠረዡን ማንም ከሚያነብበት አድራሻ ጋር በየቦኖው ለጠፈች። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ከበባት።

«ተስማሚ ነው እያልሽ የፈረምሽው አንቺ አይደለሽም?» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ ነኝ። ፍሎራይድ መለካት አልችልም ነበር፤ አልተለካም ብዬ መጻፍ ሲገባኝ አልጻፍኩም።»

«ዛሬስ እውነት ለመናገርሽ ምን ዋስትና አለን?»

«ምንም። አንብቡት፣ ማንበብ የሚችል ሰው አስነብቡት። እኔን አትመኑ።»

ከሦስተኛው ጉድጓድ መስመር እስኪዘረጋ አራት ወር ሰፈሩ በቦቴ ውሃ ከረመ። የልጅቷ ጥርስ ግን ወደ ነጭነቱ አልተመለሰም፤ ቋሚ ጥርስ ነው። እህቷ በፊርማዋ ተቀይማ ከሁለት ወር በላይ አኮረፈቻት። አንድ ቀን ላቦራቶሪው ድረስ መጥታ ከአዲሱ መስመር የቀዳችውን አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄንንም እይልኝ» አለች፣ ሳትቀመጥ።

«መሣሪያው እስካሁን አልተሠራም» አለች መርማሪዋ። «ወደ ዩኒቨርሲቲው እልከዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ እንደ እኔው ታነቢዋለሽ።»

እህቷ ጠርሙሱን መልሳ አነሳችና ክዳኑን አጥብቃ፣ የጉድጓዱን ቁጥር በራሷ እጅ ጻፈችበት።