ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ በከሚሴና በጨፋ ሸለቆ የወባ መድኃኒት ረጪ ሆኜ ስሠራ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሰው ስለሞተበት አይደለም። በሥራዬ ብዙ የሞተ ሰው አይቻለሁ። ያልወጣው፣ ለዓመታት ሲያናድደኝ ለኖረ አንድ ጥያቄ መልስ ስላገኘሁበት፣ መልሱም ደስ ስላላለኝ ነው።

ጥያቄው «ያንተ አገር ለምንድነው ገዳይ የሚበዛበት?» የሚል ነበር።

የትውልድ አገሬን ስም አልጽፍም። ደጋ ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሰው ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ የሚያደርግለት ዓይነት አገር ነው። ከሚሴ እንደገባሁ የሚከራይ ክፍል ሳፈላልግ አንዲት ሴትዮ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ክፍሉ ለካ ለእህታቸው ልጅ ተይዞ ኖሯል።

ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ሲሰለቻቸው እኔን ያነሳሉ። አንዱ ውሃው ነው ይላል፣ ሌላው ብርዱ ነው ይላል፣ ሹፌራችን ደግሞ አረቄው ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እዚህ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት አራት ነፍስ አጠፋ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ ወይ ይሉኛል። እውነትም ሰምቼ አላውቅም። እኛ አገር ግን በየጊዜው እንዲህ ያለ ወሬ አይጠፋም። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እኔ ራሴ ግማሹን አምኜው ነበር።

ማሽላ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ወርቁ የሚባል ያገሬ ልጅ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ቤቴ መጣ። ከእኛ ሰፈር ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። ታናሽ ወንድሙ ማስረሻ ባለፈው ዓመት ለአጨዳ ጨፋ ወርዶ ነበር። አብረውት የወረዱት ለገና ሲመለሱ እሱ ጥቂት ቀን ልሥራ ብሎ ቀረ። እንደቀረ ቀረ። እናታቸው ዓመቱን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ ከርመው በመጨረሻ ወርቁን አስማሉት። ወይ ወንድምህን ይዘህ ና፣ ወይ መቃብሩን አይተህ ና፣ ሁለቱንም ሳታገኝ እንዳትመለስ አሉት።

ጤና ጣቢያ ጠየቅን። ፖሊስ ጠየቅን። በዚያ ስም የታከመም፣ የታሰረም፣ የሞተም የለም። ያነጋገረን ፖሊስ ትሁት ሰው ነበር፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሬሳ ተገኘ የሚል ሪፖርት ከሸለቆው ደርሶን አያውቅም አለን። ወርቁን ላጽናናው ብዬ ምናልባት ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ ይሆናል አልኩት። ማስረሻ እናቱን ሳይሰናበት እንኳን ጅቡቲ ገበያም አይሄድም አለኝ።

ሲጨንቀኝ ወደ ሼህ አወል ወሰድኩት። ሼህ አወል ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ቃላቸው በየመንደሩ የሚሰማ ትልቅ ሰው ናቸው። ገበሬው መድኃኒቱ ንቤን ይገድልብኛል ብሎ ቤቱን አላስረጭም ባለ ጊዜ አስታራቂዬ እሳቸው ነበሩ። «አካም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀበሉንና ወርቁን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ፖሊስ ጋ ምን ወሰደህ? እኛ ዘንድ የሞተ ሰው መሬት ጋ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ለጁምአ የየመንደሩን ሽማግሌ እንደሚጠይቁልን ቃል ገቡ።

አርብ ዕለት ከሶላት በኋላ ሰዉ ከመስጊዱ ወጥቶ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እኔና ወርቁ ዳር ላይ ነበርን። ሼህ አወል ነገሩን በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዱና፣ በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ዘመድ የሌለው እንግዳ የቀበረ መንደር ካለ ይናገር አሉ።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «አልሀምዱሊላህ፣ እኛ አንድ ቀብረናል» አሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር ወባ ጥሎት የተገኘ የደጋ ሰው ነበር። አጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ከፍነው፣ ሰግደውበት፣ በራሳቸው መቃብር አሳርፈውታል። ሰዉ መረቃቸው። ወገን የሌለውን እንግዳ መቅበር አላህ ዘንድ ትልቅ አጅር፣ ትልቅ ምንዳ አለው፤ ሽማግሌውም ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ከሌላ መንደር ሁለተኛው ተነሱ። እኛም አንድ ቀብረናል አሉ። እሳቸውም ተመረቁ። ሦስተኛው ሲነሱ ምርቃቱ ቀዘቀዘ። አራተኛው ሲናገሩ ማንም አልመረቀም። አምስተኛው ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «እኛም» ብቻ አሉ።

እያንዳንዱ መንደር አንድ ደግ ሥራ ሠርቶ ነበር። የሌላውን ማንም አያውቅም፤ የሠሩትን ደግነት እየዞሩ ማውራት ነውር ነዋ። ደጉ ሥራ አንድ ላይ ሲደመር አምስት ሬሳ ሆነ፤ የሰው እጅ እንዳለበት ያን ቀን ነው የጠረጠርነው።

ልዩነቱ የገባኝ እዚያው ነው። እኛ አገር ሜዳ ላይ የተገኘ ሬሳ ፖሊስ ሳይመጣ አይነካም። የነካ ሰው አንተ ነህ እንዳይባል ይፈራል። ሬሳው ጠባቂ ቆሞለት ያድራል፣ ሐኪም ያየዋል፣ ስሙ ይመዘገባል፣ ወሬው አገር ያዳርሳል። ጨፋ ደግሞ ሬሳ አያድርም። ከሞተ ይታጠባል፣ ከታጠበ ይቀበራል። እንግዳም ቢሆን ክብሩ እኩል ነው። የኛን ስም ያጠፋው ፍርሃታችን ሲሆን የእነሱን ስም ያቆየላቸው ደግነታቸው ነበር።

ወርቁ ግን ይህ ሁሉ ጉዳዩ አልነበረም። እሱ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው። ተነሣና ወንድሙ በልጅነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ የግራ ትከሻውን እሳት እንደበላው ተናገረ። ጠባሳው በልብስ ስለሚሸፈን ያጠበው ሰው ካልሆነ በቀር ማንም ሊያየው አይችልም አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። የመጀመሪያው መንደር ሬሳ አጣቢ አያ ሙሄ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ሼህ አወል ደግመው ጠየቋቸው። አሁንም ቀና አላሉም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሬሳ ያጠበ ሰው በገላው ላይ ያየውን ለማንም አይናገርም፤ የሟችን ነውር የሸፈነ አላህ የእሱን ይሸፍንለታል ተብሎ ተምሯል። አያ ሙሄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጥቡ አንድ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

ወርቁ ቆሞ ነበር። እኚህ ሰው ዝም ካሉ ወንድሙ እስከ መጨረሻው ጠፍቶ ሊቀር ነው።

ሼህ አወል ረጋ ብለው፣ «ሙሄ፣ የሟችን ነውር ሸፍን ተባልን እንጂ የገዳይን ሸፍን አልተባልንም» አሏቸው።

አያ ሙሄ ቀና አሉና ወርቁን አዩት። «ትከሻው ላይ አለ» አሉ። ጣታቸውን ወደ ራሳቸው አንገት ወስደው፣ «አንገቱ ላይም ነበረ። የገመድ መስመር። ወላሂ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም። ልጁ ራሱን ያጠፋ መስሎኝ ነው የደበቅኩለት» አሉ።

ወርቁ ቁጭ አለ። ከወዲያ ማዶ ሌላ አጣቢ፣ እኔም ያጠብኩት አንገቱ ላይ ነበረው አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ሁሉም እንግዳው ራሱን ያጠፋ መስሏቸው፣ እንዳይሰደብ ብለው በልባቸው ይዘውት ኖረዋል። ያን ያህል ሰው አንድ ዓይነት ምስጢር በየፊናው ሲጠብቅ ቀጥሎ የሚገደለው ምስኪን ገበያ መሀል ሥራ እየጠየቀ ነበር።

ወርቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ማተብ አልነበረውም ወይ አለ። አያ ሙሄ ክር አላየሁም፣ ስላላየሁም የኛ ሰው ነው ብዬ አጠብኩት አሉ። ወንድሙ ማተቡን በጥሶ እንደማያውቅ ወርቁ ማለ። የበጠሰው ሌላ እጅ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር። ማተብ ያለው እንግዳ ቢሆን መንደርተኛው ቤተ ክርስቲያን ይልካል፣ ሰው ይመጣል፣ ጥያቄ ይበዛል።

ቀጥሎ የጠየቁት ሼህ አወል ናቸው። ሬሳ አለ ብሎ የነገራችሁ ማነው አሉ። አምስቱም መንደር አንድ ስም ጠራ። ሰውየው ለአጨዳ የሚመጡትን የደጋ ሰዎች ከገበሬ ጋር የሚያገናኝ ደላላ ነበር። ስሙን ልተወው፤ ልጆቹ አሁን አድገዋል። እያንዳንዱ መንደር ያስታውሰው የነበረው በበጎ ነው። አንዱ ሽማግሌ፣ «ከፈኑን ሳይቀር ገዝቶ አምጥቶልን ነበር» አሉ። ሌላውም ለእኛም አምጥቷል አሉ። ሼህ አወል፣ ሞቱን ነግሯችሁ ተመልሶ ሄዶ ነው የገዛው ወይስ ይዞት ነው የመጣው ብለው ጠየቁ።

አምስቱም ያስታወሱት አንድ ነበር። ይዞት ነበር የመጣው። ገበያ ባልነበረ ቀን፤ ሰውየው ሳይሞት የተገዛ ከፈን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሰው ወደ ፖሊስ ላኩ። ደላላው በማግስቱ ከሚሴ ከብት ሲሸጥ ተያዘ። አጨዳ ሲያልቅ ደመወዛቸውን የተቀበሉትን፣ ብቻቸውን የቀሩትን መርጦ፣ በአቋራጭ ወደ መኪና መንገድ ልሸኛችሁ እያለ ነበር የሚወስዳቸው። መጀመሪያ ሲክድ ቆይቶ በኋላ አመነ፤ ተፈረደበትም። የበረሃ አውሬ መስሎ የታየኝ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሻይ ጋብዞኛል።

ፖሊስ መቃብሮቹን አስከፍቶ ሐኪም ካሳየ በኋላ ማስረሻን ከሚሴ ቤተ ክርስቲያን አሳረፍነው። ቃሬዛውን የተሸከመው አብዛኛው የአያ ሙሄ መንደር ሰው ነበር። እኔም ተሸክሜያለሁ። ከተሸካሚዎቹ መሀል የትኛው እስላም የትኛው ክርስቲያን እንደሆነ ለመንገደኛ አይታወቅም። ቄሱ ፍትሐቱን እስኪጨርሱ የአያ ሙሄ መንደር ሰዎች ከግቢው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁን። ወርቁ ሲወጣ የአያ ሙሄን እጅ ስሞ፣ ሌላ ያዩት ነገር ካለ እንዲነግሩት ለመናቸው። አያ ሙሄ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ የተፈቀደልኝን ተናግሬያለሁ፣ የቀረው የሟቹ ነው አሉት።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ላይ እኔን የሚያነሳ ጠፋ። ይልቅ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ይህ ሸለቆ ምን ነክቶት ነው ገዳይ ያበቀለው ማለት ጀመሩ። ሙቀቱ ነው የሚልም አልጠፋ። ሸለቆው ሲናገር ከፋ፤ ዝም ሲል ደህና ነበር። ሊያስደስተኝ በተገባ ነበር፤ አላስደሰተኝም።

ለፋሲካ ፈቃድ ወስጄ አገሬ ገባሁ። ወርቁ ከመንደሩ መግቢያ ጠብቆ ያዘኝና ለእናቱ ወባ ነው እንዳላቸው፣ ጎረቤቱም ሁሉ ያንኑ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ልጃቸው በገመድ እንደታነቀ እያሰቡ እንዲያረጁ አልፈለገም። የእኛ አገር፣ ሬሳ ጠብቆ የሚያድረው፣ የሞተውን ሁሉ የሚቆጥረው አገር፣ ማስረሻን ከወባ ሟቾች ጋር ቆጥሮት አገኘሁት።

ልቅሶ ልደርስ ገባሁ። እናትየው አልቅሰው ከጨረሱ በኋላ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠጋ አሉኝ።

«አንተ የወባ ሰው ነህ አሉ» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ ልጄ፤ ወባ ሲገድል ሰው ይሰቃያል?»

ወርቁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ እኔ አላየም።

«አይሰቃይም እማማ» አልኳቸው። «እንቅልፍ ነው የሚወስደው። ሳያውቀው ነው የሚሄድ።»

ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ተመስገን አሉ። ያን ያህል ከልብ የወጣ ተመስገን ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

ወባ እንደዚያ አይገድልም። ያንቀጠቅጣል፣ ያቃዣል፣ ሰውን ከራሱ ጋር ያታግላል። ስንቱን አልጋው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። እናትየው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ከፊቴ ተቀምጠው ያንኑ ቢጠይቁኝ ያንኑ እመልስላቸዋለሁ።