ወንዶቹን ያስከተለችው ቦንቱ

ቅዳሜ ጠዋት፣ መነሻ

ከቤቴ የወጣሁት አንዲት በአካል የማላውቃት ልጅ ስዕሏን እንዳትተው ልለምናት ነው። ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ሱሴ ግን «ቦንቱ» የሚባል በቴሌግራም የሚወጣ የስዕል ታሪክ ነው። ቦንቱ የሱሉልታ ሯጭ ናት። ሰዓሊው «ጥቁር እርሳስ» በሚል የብዕር ስም ብቻ ስለሚታወቅ እኛ አንባቢዎቹ ያለ አንዳች ማስረጃ ወንድ አድርገነው «ጋሽ እርሳስ» እንለው ነበር።

በቅርቡ አንድ የቴሌግራም ቡድናችን አባል ጥላ እንዴት እንደሚሳል ጠየቀ። ጋሽ እርሳስም በድምፅ መልዕክት አስረዳ። ድምፁ የሴት ነበር። የዚያኑ ዕለት ቡድኑ ታመሰ። «ወንድሟ ነው የሚስልላት» ያለ አለ፤ «ቆንጆ ናት? ፎቶ!» ያለም አለ። እኔን ያበገነኝ ግን፣ «ጡንቻው ነፍስ አለው» ተብሎ የተጨበጨበለት ያው ስዕል በአንድ ጀምበር «እግሯ ወፍራም ነው፣ ሴት አትመስልም» መባሉ ነው። አንዱ ጀግና ቦንቱን ወገቧን አቅጥኖ፣ ቁምጣዋን አሳጥሮ እንደገና ሳላትና የልብ ምልክት ዘነበለት።

ልጅቷ ዝም አለች። ታሪኩም ቦንቱ ጫካ ውስጥ ወንዶች አስከትላ እየሮጠች፣ ግራ እጇን ወደ ጎን እንደዘረጋች ቆመ። በዚያ እጅ ላይም «ሩጫ ነው ወይስ ጭፈራ?» ተብሎ ተሳቀ። የቡድኑ አስተዳዳሪ ስለሆንኩ በግል ጻፍኩላት። «ሰበታ ነኝ፣ ነይ» አለችኝ።

ሰበታ

ከአየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አለም ገና ላይ ከጭነት መኪኖች ኋላ ተጎተተ። ሰበታ ስደርስ ፀሐዩ ከሯል። የተነገረኝን የጨርቅ ሱቅ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ሻሽ ያሰረች፣ ሜትር አንገቷ ላይ የጣለች ቀጭን ልጅ ከባንኮኒው ኋላ ብድግ አለች።

«ጋሽ እርሳስ እኔ ነኝ» አለችና ሳቀች። ስሟ ሰዓዳ ነው፤ ሱቁ የአባቷ ነው።

ሳምቡሳና ሻይ አስመጣችልኝ። ደንበኛ መጋረጃ ሲያስለካ ትለካለች፤ ደንበኛው ሲወጣ ከጥቅል ጨርቁ ሥር ታብሌቷን አውጥታ ትስላለች። የጀመረችው ከእግር ነበር። ተረከዝ፣ ከዚያ ባት፣ ከዚያ ጉልበት። ባዶው ስክሪን ላይ ሰው ከመሬት ወደ ላይ ሲበቅል ሳይ ሻዬን ረሳሁት።

«ፊቷስ?»

«መጨረሻ ላይ ነው። እግሯ መሬት ካልያዘ ፊቷ አይመጣልኝም።»

ያን ዕለት «ቦንቱ»ን በመጽሐፍ ሊያትሙላት ፈቃደኛ ወደሆኑ ሰው ቡራዩ ልትሄድ ነበር። «አብረሽኝ ነይ፣ ትጊ» አለችኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ ያሉኝን ሁሉ እሺ ብዬ እንዳልመለስ ፈርቻለሁ።»

ቡራዩ

በኮልፌና በአስኮ ዞረን ቡራዩ ገባን። ማተሚያ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ጭቃውን በድንጋይ እየዘለልን ደረስን። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ የወጣ፣ ጣታቸው ቀለም የጠጣ አዛውንት ናቸው። ወንበር በራሳቸው እጅ አቀረቡልን።

«ስዕሉ ግሩም ነው፣ ልጄ። እውነቴን ነው» አሉ የሽፋኑን ናሙና ዘርግተው። «ግን የዚች ልጅ ወገብ ትንሽ ይቅጠን። ወንዶቹ ደግሞ ከፊት ይሁኑ። ስሙም ጥቁር እርሳስ ይበቃል፤ የሴት ስም ሲያዩ አያነሱትም።»

«ኦቦ ገመቹ፣ ወንዶቹ ከኋላ ቢሆኑ ምን ችግር አለው?» አለች ሰዓዳ።

«ለኔ ምንም የለውም። ግን ሴት ወንዶች አስከትላ ስትሮጥ የት አይተሻል? ገዢው ውሸት ይለዋል።»

«እኔ አይቻለሁ። ሱሉልታ፣ አክስቴ ጋ ሳለሁ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ያዘኑላት ይመስል ነበር። «እስከ ነገ ቀትር አስቢና ደውዪልኝ። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ማሽን ይገባል» አሉ።

 ታክሲ ስንጠብቅ ሰዓዳ ቀስ ብላ፣ «ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ ትጊ። ካየሁት ቆይቷል። እኔው ፈጥሬው ይሆናል» አለች። ከስድቡ ሁሉ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። የገዛ ዓይኗን እንድትጠራጠር አድርገዋታል።

«እንግዲያው ሄደን እንየው» አልኳት።

ሱሉልታ

በአዲሱ ገበያ አድርገን፣ የእንጦጦን ዳገት ወጥተን አመሻሽ ላይ አክስቷ ቤት ደረስን። ጠዋት ትኩስ ወተት በዳቦ ቀምሰን ወጣን። ሜዳው አመዳይ ለብሷል፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ጠበቅን። ጥቂት ወንዶች አለፉ። ሌሎች ወንዶች አለፉ። ሰዓዳ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

ከዚያ ከጫካው ውስጥ ድምፅ መጣ። የአንድ ሰው ኮቴ መስሎኝ ነበር። ከዛፎቹ መካከል ብቅ ሲሉ ግን ረጅም ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ የፊተኛው የረገጠበትን እየረገጠ፣ በግንዶቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይመጣል። ከፊት ሴት ናት። ከኋላዋ ያሉት በሙሉ ወንዶች ናቸው።

«ሱታ! ሱታ!» አለች፣ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። ከዚያም ግራ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ሁለተኛው ሯጭ ዘረጋ፣ ሦስተኛው ዘረጋ፤ ምልክቱ እስከ ጭራው ወረደ። ሰልፉ ሳይቆራረጥ ታጠፈና አንድ ጉድጓድ በስተግራው ትቶ አለፈ።  ያ የተሳቀበት እጅ ነው! እንባዬ መጣ፣ አላፍርም። ሰዓዳ ክንዴን ጨምቃ ይዛኝ ነበር።

ሲጨርሱ ቀርበን ሰላም አልናቸው። ከፊት የነበረችው ጫልቱ ትባላለች። «አካም ቡልተኒ!» ብላ ላቧን እየጠረገች ተቀበለችን።

«ሴት ስትመራችሁ ቅር አይላችሁም?» አልኩት አንዱን ወጣት።

ጥያቄው አልገባውም። «ፍጥነት የማታዛባው እሷ ናት። ጉድጓዱንም እሷ ታያለች። እኛ እግሯን ማየት ነው» አለ።

ሰዓዳ ታብሌቷን ሰጠቻት። ጫልቱ አየች፣ ጎንበስ ብላ የራሷን ባት በጥፊ መታች። «ይሄማ የኔ እግር ነው! መቼ አየሽኝ?» ያቺን ወገበ ቀጭን ቦንቱ ሳሳያት ደግሞ እየሳቀች፣ «ይቺ ዳገት አትወጣም፣ ምግብ ስጧት» አለች።

ሰዓዳ እዚያው ግንድ ላይ ተቀምጣ ቡራዩ ደወለች። «ሽፋኑ እንዳለ ይሁን፣ ኦቦ ገመቹ። ስሙ ደግሞ ሰዓዳ ተብሎ ይጻፍ።»

«ካልተሸጠስ፣ ልጄ?»

«ሱቃችን ውስጥ ከጨርቁ ጎን እደረድረዋለሁ።»

 አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፊደሉ ምን ያህል ይሁን?»

«ከመንገድ ማዶ የሚነበብ።»

እሁድ ከሰዓት፣ ቤት

ጫማዬን ሳላወልቅ ቡድኑን ከፈትኩ። ልለምን ሄጄ ሳልለምን መመለሴ ገርሞኛል። ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት፣ ሰው በሠራው ነገር ላይ ከመፍረዴ በፊት እሱ ቆሞ ያየበት ቦታ ሄጄ መቆምን ነው። በስልኬ የቀረጽኩትን የሰልፉን ቪዲዮ ለጠፍኩት። ከሥሩ ሰዓዳ እጇ ሲስል የሚያሳይ ፎቶ በስሟ ለጠፈች። የመጀመሪያው አስተያየት ወዲያው መጣ፤ «እጇ ያምራል፣ አግብታለች?» የሚል ነበር። እንዲያው ምን ይሻላል!

 ቆይቶ አንዱ፣ ያው ቦንቱን ያቀጠናት ልጅ፣ ጻፈ። «እና ቦንቱ እጇን የዘረጋችው ምን አይታ ነው?»

የሰዓዳ ስም ከላይ በራ። የምትጽፍ መስሎኝ ጠበቅኩ። የመጣው የድምፅ መልዕክት ነው።