ገጣባው ፈረስ፦ ከቆሰበር ካይሮ ደርሶ መልስ

ሰኞ ንጋት፣ ቆሰበር

እንጅባራ በሉት ቆሰበር፣ ብርዱ ያው ነው። ባጃጁ በራችን ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እማዬ ዳቦ ቆሎውን ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ትገለብጣለች፤ አባዬ ግን የለም። ፈልጌ ፈልጌ ጋጣ ውስጥ አገኘሁት። የዳማ ፈረሱን ጀርባ እየዳበሰ ይሰናበተዋል። አውሮፕላን እንደ ፈረስ ቆሞ አይጠብቅም ብዬ አጣደፍኩት፤ እየሳቀ ወጣ።

አባቴን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። በጥር በሚደረገው የፈረሰኞች በዓላችን ከፊት ከሚጋልቡት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ዕድሜው ሰባን ዘሏል፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ጎረምሳ ነው። ጉዞውን ያሰናዳው ካይሮ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናትና አባቴ ፒራሚድ ማየት አለባቸው ብሎ ቲኬት ላከ። እኔም አጃቢ፣ አስተርጓሚና ፎቶ አንሺ ሆኜ ተከተልኩ። ፎቶ አንሺነቱ በቀረብኝ ኖሮ!

ረቡዕ፣ ካይሮ

እዚህ አገር መኪናው ሁሉ የሚነጋገረው በጡሩንባ ነው። ጠዋት ፉል፣ ቀትር ላይ ፉል፤ አባዬ ጾም ገባ እንዴ እያለ ወንድሜን ይቀልድበታል። አመሻሹ ላይ ድልድይ ላይ ቆመን ዓባይን አየነው። ከኛው ከጎጃም የወጣው ውሃ ሰፍቶ፣ ረግቶ፣ ጀልባ ተሸክሞ ይሄዳል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው፣ "እንኳን ደህና ደረስክ" አለችው። የኔም ዓይን እንባ አቀረረ።

ሐሙስ፣ ፒራሚዶቹ ሥር

ወንድሜ ሥራ ስለነበረው ለአንድ ሾፌር አደራ ብሎ ላከን። ፒራሚዱን ቀና ብዬ ሳይ ነጠላዬ ከራሴ ላይ ወደቀ። ሐሩር፣ አቧራ፣ ሻርፕ ሻጭ፣ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ግመል። እማዬ ድንጋዩን ማን ተሸክሞ አወጣው እያለች ታማትባለች። አባዬ ግን ፒራሚዱን ትቶ ፈረሶቹን ያያል። የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

አንድ ሰው ነጭ ፈረስ እየሳበ መጥቶ "ፎቶ! ፎቶ!" አለን። አባዬ የኮርቻውን ምንጣፍ ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ጀርባው ተልጦ ቆስሏል፤ ዝንብ ወሮታል።

"ገጣባ ነው። አልወጣበትም" አለኝ።

በኛ ዘንድ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ላይ መውጣት ነውር ነው። ፈረሰኛ ነኝ የሚል ሰው አያደርገውም። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም፤ የፈረሰኛ ልጅ ነኝ። ግን ፒራሚዱ ከኋላ፣ ነጭ ፈረስ፣ አባቴ በነጭ ጋቢው… ዓይኔ ፎቶውን ብቻ አየ። አንዴ ብቻ፣ ወዲያው ትወርዳለህ፣ እዚህ ድረስ መጥተን እንዴት ይሆናል ብዬ ለመንኩት። እማዬ "ተይው" አለችኝ። አልተውኩትም፤ ጭራሽ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። አባዬ ፊቴን አየና ፈረሱ ላይ ወጣ። ባለቤቱ ልጓሙን አልሰጠውም፤ በገመድ እየጎተተ አዞረው። አነሳሁት። ማታ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ዓርብ፣ ካይሮ

ስልኬ ሲጮህ ነቃሁ። ለካ እኛ ተኝተን አገር ምድሩ ሲስቅ አድሯል። አንዱ፣ ለዘንድሮው በዓል ጎታች ይመደብላቸው ይላል። ሌላው የገመዱን ርዝመት ይጠይቃል። ቀትር ላይ የአባዬ የልብ ጓደኛ አያ ፈንታ ደወሉ፤ ሳቃቸው ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። አባዬ "እሺ፣ እሺ" ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ግን ያየው አይቶታል። ማታ ለእማዬ ዘንድሮ በዓሉ ላይ አልጋልብም ሲላት ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በገመድ አስጎትቼ አዋረድኩት ብዬ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ከባሕር ዳር ሚኒባስ ያዝን። አባዬ መስኮቱን ተደግፎ መንገዱን ያያል። ዳንግላ ሻይ ስንጠጣ አንድ የማናውቀው ጎልማሳ አባዬን ትኩር ብሎ አይቶ ፈገግ አለ። ሻዬን ትቼ ተነሳሁ። አዲስ ቅዳም ላይ፣ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ እያየሁ ቆረጥኩ፦ ቆሰበር ስንደርስ እውነቱን ተናግሬ የአባቴን ስም አነሳለሁ።

መናኸሪያው በር ላይ አያ ፈንታ ከሁለት ፈረሰኞች ጋር ቆመዋል። የአባዬን ዳማ ጭነው፣ ሸልመው አምጥተውለታል። ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ በእጃቸው ገመድ ይዘዋል።

"ካሳ፣ ራስህ ትጋልባለህ ወይስ እንጎትትህ?" አሉት አባዬን።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬም ሳቀ፤ ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እዚያ አገር ሽማግሌ አይታመንም ብሎ መለሰላቸውና እጁን ወደ ኮርቻው ሰደደ። እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት?

"አያ ፈንታ፣ በሱ አይሳቁ" አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ፈረሱ ገጣባ ነው፣ አልወጣበትም ብሎኝ ነበር። ለምኜ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።"

ሳቁ ቆመ። አያ ፈንታ ገመዱን ዝቅ አደረጉና አባዬን አዩት።

"ቁስሉን አይተህ ነው የወጣህ?"

"አይቼ ነው" አለ አባዬ።

አንደኛው ፈረሰኛ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ገባኝ። አባዬን ያስኮረፈው ገመዱ አልነበረም፤ አልጋልብም ያለውም በገመዱ አይደለም። ቁስሉን ብቻውን ይዞት መጥቶ ነበር። እኔ አደባባይ አወጣሁበት።

አባዬ ወደኔ ዞረ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ገመዱን እኮ ስቀን ጨርሰነው ነበር።"

ከዚያ የዳማውን ኮርቻ ፈትቶ አወረደና በራሱ ትከሻ ተሸከመው። ልቀበልህ ብልም አልሰጠኝም። ፈረሱን እየሳበ በእግሩ መንገድ ጀመረ፤ እማዬ ተከተለችው። ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።